የበጎች ቅጽ

ልጅቷ የመጣችው ትከሻዋ ላይ የገላ ፎጣ ጣል አድርጋ ነበር። ድሮ ሰማያዊ የነበረ፣ ጫፉ የተተለተለ ፎጣ ነው። ሳጅን ማሊኔዎ በመስኮቱ ያየቻት በውርጭ የነጣውን የፖሊስ ጣቢያውን ሣር አቋርጣ፣ ከፈረስ ማሰሪያው አጠገብ ቆም ብላ ጫማዋን ስታራግፍ ነው።

በተራራው ላይ ግንቦት አልቆ ክረምቱ ሲገባ ሰው ያለ ብርድ ልብስ ከደጃፉ አይርቅም። ሕፃኑ፣ ሽማግሌው፣ ፈረሰኛው፣ ቄሱ ሳይቀር ደርቦት፣ ደረቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዞት ይወጣል። ጫማ የሌለውን ሰው ማንም ልብ አይለውም፤ ብርድ ልብስ የሌለውን ግን ዐይን ሁሉ ይከተለዋል። ማሊኔዎም ከልጅቷ ፊት በፊት ፎጣውን አየች። ማን እንደሆነች ያስተዋለችው ከዚያ በኋላ ነው።

ሊኬሌሊ ነበረች። ባለፈው ጥቅምት፣ የሱፍ ሽለታ በተጀመረ ሰሞን፣ አክስቷ እጇን ይዛ ያመጣቻት የላይኛው መንደር ልጅ። ዕድሜዋ ዐሥራ ዘጠኝ ነው። መሸለቻው መጋዘን ውስጥ ሱፍ ስትለቅም ውላ፣ ሠራተኛው ሁሉ ከወጣ በኋላ ኃላፊው ሞትላትሲ በሩን እንዴት እንደዘጋባት ለማሊኔዎ የነገረቻት ሳታለቅስ ነበር። የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቃሏን ስትሰጥ የቢሮው በር ገርበብ ብሎ እንዲቆይላት። ማሊኔዎ ጽፋ ስትጨርስ ብርድ ልብሱን ከልጅቷ ተቀበለች። የሟች እናቷ ነው፤ ቡናማ፣ የበቆሎ ራስ የተጠለፈበት። በማስረጃነት ታሸገና ዕቃ ቤት ገባ። የዚያን ቀን ጥሩ ፀሐይ ነበር፤ ልጅቷ በቀሚስ ብቻ ወጥታ ስትሄድ ማንም ምንም አላለም።

አሁን ሰባት ወር ሆኖታል።

ማሊኔዎ ጠረጴዛዋ ላይ የተዘረጋውን ወረቀት ገፋ አደረገችው። የምትሠራበት የሴቶች ክፍል ያለፈው ዓመት ሪፖርት ነው፤ በዘጠኝ ሰዓት ወደ ዋናው ከተማ የሚወርደው መኪና ይዞት መሄድ አለበት። ሠንጠረዡ ሦስት ዓምድ አለው። የተመዘገበ አቤቱታ፣ ክስ የተመሠረተበት፣ ባለጉዳይዋ የተወችው። ሠላሳ አንድ፣ ስድስት፣ ዐሥራ ሰባት። የቀረው ገና በምርመራ ላይ ነው። ከሥሩ «ምክንያት» የሚል ባዶ መስመር አለ። ለዚያ መስመር ኢንስፔክተር ሌሳዋና እዚህ በተመደበበት ዓመት የጻፈው ማብራሪያ አለ፦ «ከአዝመራ በኋላ ቤተሰቦች ተሰብስበው በባህሉ መሠረት ስለሚታረቁ።» ከላይ ያሉት ሰዎች ይህን ዓረፍተ ነገር ወደዱት። እንዲያውም አንድ ጊዜ በትልቅ ስብሰባ ላይ፣ የተራራው ሕዝብ ለሰላም ላለው ፍቅር ምሳሌ ተደርጎ ተነቧል። ከዚያ ወዲህ ማሊኔዎ በየዓመቱ ያንኑ ትገለብጣለች።

«እንደምን አደሩ፣ ምኤ» አለች ልጅቷ ከበሩ ላይ፣ በእናት ወግ ጠርታት።

«ደህና አደርሽ፣ ልጄ። ግቢ፣ ወደ ማሞቂያው ጠጋ በይ።»

ሊኬሌሊ ወደ ላምባ ማሞቂያው ጠጋ ብላ እጆቿን ዘረጋች። ጣቶቿ ጠቁረው ነበር። የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሯ ወርዳ ነው የመጣችው።

«ብርድ ልብሴን ልወስድ ነው» አለች።

ይቺም ተወችው ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ እስከ መጨረሻው ትዘልቃለች ብላ የተማመነችው በዚህች ልጅ ነበር። ዐቃቤ ሕጉም ገና ባለፈው ሳምንት ነው ደብዳቤ የላከው፤ ብርድ ልብሱ ወደ ምርመራ ክፍል ሄዶ ውጤቱ ከመጣ ክሱን እመሠርታለሁ ብሏል። ማሊኔዎ ግን ለምን ብላ አልጠየቀችም። በዘጠኝ ዓመት ሥራዋ አንዲትም ሴት ለምን ተውሽ ብላ ጠይቃ አታውቅም። እዚያ ለመድረስ የከፈለችውን የምታውቀው ባለጉዳይዋ ናት፤ ለምን ማለት ደግሞ ከመውቀስ አይተናነስም ብላ ታምናለች። ስለዚህ ዝም ብላ፣ በቻለችው ሁሉ ለስለስ ብላ፣ የፈለጉትን ትፈጽምላቸዋለች። በዚህ ጠባይዋ በልቧ ትንሽ ትኮራ ነበር።

«ንታቴ ፎካ!» ብላ እንደ አባት በአክብሮት ተጣራች።

የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ቁልፎቹን እያንቃጨለ መጣ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በፈረስ የከብት ሌባ ሲያሳድድ ኖሮ፣ ጉልበቱ ሲከዳው ቁልፍ ያስያዙት ሽማግሌ ነው። በአንድ እጁ የታሸገውን ከረጢት፣ በሌላው የቅጹን ጥራዝ ይዟል። ቅጹ የመጣው ከከብት ስርቆት ክፍል ነው። የተሰረቀ በግ ሲገኝ ባለቤቱ ይፈርምበታል፤ ንብረቴን ተረክቤያለሁ፣ ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም፣ መዝገቡ ይዘጋልኝ ይላል። በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ አንብቦት የሚፈርም የለም። የሴቶች ክፍል ሲከፈት የራሱ ቅጽ ይታተምለታል ተብሎ ነበር፤ ይኸው እስካሁን አልታተመም። ስለዚህ «የእንስሳው ዓይነትና ቀለም» በሚለው ቦታ ማሊኔዎ «ብርድ ልብስ፣ ቡናማ» ብላ ትጽፋለች። «የጆሮ ምልክት» የሚለውን በሰረዝ ታልፈዋለች።

አሁንም እንደዚያው ጽፋ፣ ሰረዟን አስምራ፣ እስክሪብቶውን ለልጅቷ አቀበለቻት። ሊኬሌሊ ጣቶቿን በአፏ እፍ እፍ ብላ አሞቀችና ጎንበስ አለች። የመጀመሪያውን ፊደል ከጻፈች በኋላ ቀና ብላ ጠየቀች።

«ፍርድ ቤቱ ታዲያ መቼ ነው የሚሆነው? አክስቴ በማጨጃው ሳምንት እንዳይሆን ንገሪልኝ ብላለች። አብራኝ ልትቆም ነው።»

«የቱ ፍርድ ቤት?»

«የኔ ነዋ።»

ማሊኔዎ ወረቀቱን ከሥሯ መንጭቃ አወጣችው። እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ረጅም መስመር ጥሎ አለፈ።

«ሊኬሌሊ፣ ክሱን ትተሽው አይደለም እንዴ የመጣሽው?»

«ማነው የተወው?» ልጅቷ አንዴ እሷን፣ አንዴ ሽማግሌውን አየች። አንዳች ነገር ያጠፋች መስሏት ፎጣዋን ደረቷ ላይ ሰበሰበችው። «በረደኝ እንጂ መች ተውኩ አልኩ?»

ማሊኔዎ ተነሥታ ከመደርደሪያው ያለፈውን ዓመት መዝገብ አወረደች። ቆማ ነው የገለጠችው፤ መቀመጥ አላሰኛትም። የተተዉትን አቤቱታዎች በየወሩ በጣቷ ተከተለች። ጥቅምት ምንም የለም። ኅዳር አንድ። ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት ምንም የለም። መጋቢት አንድ፣ ሚያዝያ አንድ። ግንቦት ሦስት፣ ሰኔ ስድስት፣ ሐምሌ አምስት። ነሐሴና መስከረም ላይ እንደገና ባዶ። ከዚያ ጣቷን ወደ ቀኝ፣ «የተመለሰ ንብረት» ወደሚለው ዓምድ አሻገረችው። ይህን ዓምድ ከዳር እስከ ዳር አንብባው አታውቅም፤ አንድ በአንድ ግን የሞላችው እሷ ራሷ ናት። ብርድ ልብስ። ብርድ ልብስ። ብርድ ልብስ። ብርድ ልብስ፣ ቀይ። ብርድ ልብስ፣ የሕፃን ማዘያ። ከግንቦት እስከ ሐምሌ ዐሥራ አራት ሴቶች፣ ዐሥራ አራት ብርድ ልብስ።

ያኔ ተቀመጠች።

ባለፈው ሐምሌ፣ በረዶ በጣለ ማግስት የመጣች ማታካኔ የምትባል ሴት ትዝ አለቻት። ልጅ አዝላ ነበር የመጣችው። ፈርማ፣ ብርድ ልብሷን ልጇ ላይ ደርባ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ምኤ፤ እንግዲህ እጠብቃለሁ» ብላ ወጣች። ማሊኔዎ የስንብት ቃል መስሏት «ደህና ሁኚ» አለቻት። ሴትየዋ የምትጠብቀው ጥሪ ነበር። እስከ ዛሬም እየጠበቀች ይሆናል። ምናልባትም ፖሊሶቹ ረሱኝ ብላ፣ ወይም ከሰውየው ጋር ወገኑ ብላ፣ ቂሟን ይዛ ተቀምጣለች።

ለምን ብላ አንድ ጊዜ ብትጠይቅ ኖሮ በአንድ ቃል ይፈታ ነበር። ያ የኮራችበት ዝምታ ነው ለዚህ ያበቃት። እንባዋ ዐይኗ ላይ ግጥም ሲል ልጅቷ እንዳታይባት መዝገቡ ላይ አቀረቀረች።

ፎካ በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ ዓምዱን አነበበና በረጅሙ ተነፈሰ።

«ይቺ ልጅ በግ ብትሆን ኖሮ ይሄኔ ተፈርዶላት ነበር» አለ። «በግ ጠፍታ ሰባት ወር? መንደሩን ሁሉ በፈረስ ከበን ነበር።»

«ዝም በል፣ ንታቴ።»

«ዝም እላለሁ። እውነት ግን ነው።»

ማሊኔዎ ዐይኗን ጠረገችና ወንበሯን ወደ ልጅቷ አዞረች። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳቻት። ሞትላትሲ በዚያች ቀን መጋዘኑ ውስጥ አልነበርኩም፣ ልጅቷን ነክቻትም አላውቅም ብሎ ምሏል። እውነቱን የሚናገረው ብርድ ልብሱ ብቻ ነው። ከሰባት ወር በፊት መላክ የነበረበት ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ሊላክ ነው፤ ለመዘግየቱ አንቺ አይደለሽም፣ እኛ ነን ጥፋተኞች። አሁን ይዘሽው ከሄድሽ ግን ክስ የለም፤ ያ ሰው የሚቀጥለው ጥቅምት መጋዘኑን ይከፍታል። ይህን ስትናገር ልጅቷ ወደ ታሸገው ከረጢት እንጂ ወደ እሷ አላየችም።

«ስንት ቀን ነው እዚያ የሚቆየው?»

«ወራት ይፈጃል። ክረምቱ ያልፋል።»

ማሊኔዎ ከበሩ ጀርባ ካለው መስቀያ የራሷን ብርድ ልብስ አወረደች። ባሏ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ልጃቸው ሊኔዎ ስትወለድ ያለበሳት አረንጓዴ ነው፤ ከእሱ የተረፋት ነገር ጥቂት ነው። ሁለት ጊዜ ሳታስብ በልጅቷ ትከሻ ላይ ልትደርበው ዘረጋችው። ሊኬሌሊ ግን ወደ ኋላ ሸሸች።

«አይሆንም፣ ምኤ።»

«ያዥው፤ እኔ የደንብ ካፖርት አለኝ።»

«እሱ አይደለም» አለች ልጅቷ። «አዲስ ብርድ ልብስ ለብሼ ብገባ፣ ገና ምንጩ ጋ ሳልደርስ ነው የሚወራው። የሞትላትሲ ዘመዶች አለበሷት፣ ታረቀች ይሉኛል። ሁለት ጊዜ ልከው ነበር። ሽማግሌ ይዘው፣ በግና ብርድ ልብስ ይዘው። አክስቴ ብርድ ልብሱን ከነማሸጊያው ከደጃፍ መለሰችው። በጉን በዱላ አባረረችው።» ትንሽ ፈገግ አለች። «በጉ ምን በደለ ብዬ እኔ እንኳን አዘንኩለት።»

ማሊኔዎ ብርድ ልብሱን እንደያዘች ቀረች። እንዴት ረሳችው? ራሷም የዚሁ ተራራ ልጅ ናት። የበደለ ቤተሰብ በሰው ፊት አዲስ ብርድ ልብስ ያለበሳት ሴት ነገሯ አልቋል፤ ከዚያ ወዲያ አፏን ብትከፍት የሚሰማት የለም።

«የአክስትሽንስ ብትለብሺ?»

«ያለን አንድ ነው። በተራ ነው የምንለብሰው። ዛሬ እሷ ማሳ ናት።» ከዚያ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለራሷ የምትናገር ይመስል ጨመረች፦ «ሌላ ልበሺ ያላለኝ የለም። የራሴን ካልሆነ አልለብስም አልኩ። የራሴ ደግሞ እዚህ ነው።»

ማሊኔዎ የፎካን ቁልፎች ድምፅ ሰማች፤ ሽማግሌው ሲያስብ ቁልፎቹን አንድ በአንድ የማሸት ልማድ አለው።

«እኔ የማውቀው በግ ነው» አለ በመጨረሻ። «የተሰረቀ በግ ታርዶ ስናገኘው ሬሳውን ሁሉ ፍርድ ቤት አንጎትትም። ሥጋውን ለባለቤቱ እንመልሳለን። እኛ የምንይዘው ጆሮውን ነው፤ ምልክቱ ያለው ጆሮው ላይ ነው። ዳኛውም ከዚያ በላይ ጠይቆን አያውቅም።»

ማሊኔዎ መዝገቡን አንሥታ ወደ ኢንስፔክተሩ ቢሮ አመራች።

ኢንስፔክተር ሌሳዋና ከጎን ባለው ቢሮ ሻዩን እየጠጣ ደብዳቤ ያነብ ነበር። ጉንፋን ስለያዘው ድምፁ ተዘግቷል። ማሊኔዎ መዝገቡን ፊቱ ገልጣ፣ ጣቷን ዓምዱ ላይ አድርጋ አሳየችው። እሱም አነበበ፤ አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ጊዜ ከታች ወደ ላይ።

«ዓረፍተ ነገሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ስድስት ጊዜ የገለበጥኩት እኔ ነኝ።»

«ሰው ሁሉ እኮ ነው የወደደው፣ ምኤ ማሊኔዎ።» መነጽሩን አወለቀና ዐይኑን አሸ። «እኔም ወድጄው ነበር። ሰው ሲታረቅ ደስ ይላል።»

ማሊኔዎ የመጣችበትን ነገረችው። ምርመራ ክፍሉ ብርድ ልብስ ሙሉውን አይመረምርም፤ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ነው የሚወስደው። ይህን ስልጠና ላይ በዐይኗ አይታለች። ሐኪሙ በጥቅምት ቦታውን በጠመኔ ከብቦ ምልክት አድርጎበታል፤ አንድ ቦታ ብቻ ነው። እዚሁ በምስክር ፊት፣ ፎቶ እየተነሣ፣ ተቆርጦ ይታሸግና በዘጠኝ ሰዓት ይሂድ። የቀረውን ልጅቷ ትልበስ።

«የሰውየው ጠበቃስ? ማን ፈቀደላችሁ ቢል?»

«እርስዎ ፈቅደውልን ነው እላለሁ፣ ንታቴ። ሌላ ምን ብዬ ልቆምለት?»

ኢንስፔክተሩ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል በሳል አፈነው። ተነሥቶ በበሩ ስንጥቅ ወደ ማሊኔዎ ክፍል ተመለከተ። ሊኬሌሊ ጀርባዋን ሰጥታ ማሞቂያው ላይ አጎንብሳለች። ፎጣው ወደ አንድ ጎን ተንሸራቶ የትከሻዋ አጥንት ይታይ ነበር። እሱም ሴት ልጆች አሉት። ብዙ ከቆመ በኋላ መሳቢያውን ከፍቶ ካሜራውን አወጣ።

«እኔ አነሣለሁ። አንቺ ቁረጪ» አለ። «ስለ ዐሥራ አራቱ ግን ዛሬ አትጠይቂኝ።»

«ነገ እጠይቅዎታለሁ።»

«ይገባኛል፤ እስክመልስልሽ እንደማትለቂኝም ዐውቃለሁ።»

ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ወረቀት አነጠፉ። ማሊኔዎ ጓንት አጥልቃ እሽጉን ፈታችው። ብርድ ልብሱ ሲገለጥ የታፈነ የሱፍና የጭስ ሽታ ወጣ፤ ልጅቷ ዐይኗን ጨፈነች። የእናቷ ጎጆ ሽታ ይሁን የመጋዘኑ፣ ማሊኔዎ አልጠየቀችም። ሆኖም ዛሬ ጠዋት የተማረችው ትምህርት ገና ትኩስ ነው። ቆየት ብላ ጠየቀች።

«ምን ታየሽ፣ ልጄ?»

«እናቴ ናት» አለች ሊኬሌሊ። «ሱፉም አለ። እናቴ ግን ትበልጣለች።»

የጠመኔው ክብ በዳርቻው በኩል፣ አንዱ የበቆሎ ራስ ላይ አርፏል። ልጅቷ ሳትነካው ቀረብ ብላ አየችው።

«በቆሎው ይቅርልኝ?»

ማሊኔዎ መዋሸት አልቻለችም። «ግማሹ ይሄዳል» አለች። «እንቢ ካልሽ አልቆርጠውም። ሙሉውን ይዘሽው መሄድ ትችያለሽ። ሙሉውን ለእኛ ትተሽው መሄድም ትችያለሽ። የፈለግሽውን ብትመርጪ ለምን አልልሽም ልል ነበር፤ ግን እልሻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እልሻለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ካሜራውን እንደያዘ ወደ ግድግዳው ዞረ። ፎካ ቁልፎቹን ጨብጦ ዝም አሰኛቸው። ውጭ አንድ በቅሎ ጮኸች።

«እናቴ ብትኖር ሙሉውንም ቢሆን ቁረጪው ትለኝ ነበር» አለች ልጅቷ። «የተቀደደ ብርድ ልብስ ስትጥፍ ነው የኖረችው። ቁረጡት።»

መቀሱ ወፍራሙን ሱፍ ቀስ እያለ በላው። ማሊኔዎ በዘጠኝ ዓመት እንዲህ ተጠንቅቃ የሠራችው ሥራ ትዝ አይላትም። ቁራጩ ሲለቅ በወረቀት ፖስታ አስገባችው፣ አሸገችው፣ አራቱም ፈረሙበት። ከዚያ ያንን የበግ ቅጽ ጎትታ የልጅቷን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ የያዘውን ወረቀት ለሁለት ቀደደችው። በነጭ ወረቀት ላይ በእጇ አዲስ ጻፈች፤ ልጅቷ በምታነበው በራሳቸው ቋንቋ። ሊኬሌሊ ብርድ ልብሷን ወስዳለች፤ አቤቱታዋን አልተወችም። ልጅቷ እያንዳንዱን ቃል ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሁለት ጊዜ አንብባ ፈረመች።

«ይሄን ጥራዝ ምን ላድርገው?» አለ ፎካ ቅጾቹን አንሥቶ።

«ለበጎቹ አስቀምጠው።»

ሊኬሌሊ ፎጣዋን አጣጥፋ በብብቷ ያዘችና ብርድ ልብሱን ደረበች። ደረቷ ላይ በመርፌ ቁልፍ ስታያይዘው ቀዳዳው ግራ ትከሻዋ ላይ ወደቀ፤ የመዳፍ ስፋት ያለው፣ ግማሽ በቆሎ የጎደለው። የቀሚሷ አበባ በዚያ በኩል ይታያል። ማሊኔዎ ከመሳቢያዋ መርፌና ክር አወጣች።

«ነይ፣ አንዲት እራፊ ልጣፍበት። ብርድ ያስገባብሻል።»

«አይ፣ ይታይ።»

«ሲጠይቁሽስ? በየመንገዱ ነው የሚጠይቁሽ።»

«ይጠይቁኝ» አለች ልጅቷ። አገጯን በብርድ ልብሱ ጠርዝ ውስጥ ቀበረችና የሰባት ወር ቅዝቃዜዋ በአንድ ጊዜ የወጣላት ያህል በረጅሙ ተነፈሰች። «ቁራጩ ፍርድ ቤት ሄዷል እላቸዋለሁ።»

ማሊኔዎ አቀፈቻት። ደንቡ አይፈቅድም፤ ኢንስፔክተሩም ፊት ለፊት ቆሟል። ግን አቀፈቻት፣ ልጅቷም አልሸሸችም።

ብቻዋን ስትቀር ሪፖርቱን ወደ ራሷ ሳበች። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ሾፌሩ ግቢው ውስጥ ሞተሩን እያሞቀ ነው። «ምክንያት» በሚለው ባዶ መስመር ላይ እስክሪብቶዋን አሳረፈች። እጇ ከልማድ የተነሣ «ከአዝመራ በኋላ» ሊል ተንቀሳቀሰ። ያዘችው። ከዚያ አንዲት ቃል ብቻ ጻፈች፤ «ብርድ»። ብዙ ማብራራት እንደሚያስፈልጋት፣ ከላይ እንደሚደውሉላት፣ ምን ማለትሽ ነው እንደሚሏት ታውቃለች። ይጠይቋት። ወረቀቱን ገልብጣ ከጀርባው የዐሥራ አራቱን ሴቶች ስምና መንደር መጻፍ ጀመረች። የመጀመሪያዋ ማታካኔ ናት።

አምስተኛዋ ላይ ስትደርስ ቀና አለች። ሊኬሌሊ የግቢውን በር አልፋ ዳገቱን ጀምራለች። ከላይ የሚወርድ አንድ ፈረሰኛ አጠገቧ ሲደርስ ፈረሱን ገታ፤ እንደ ወጉ ሰላምታ ተለዋወጡ። ከዚያ ሰውየው ጎንበስ ብሎ በአለንጋው እጀታ ወደ ልጅቷ ግራ ትከሻ አመለከተ።

ማሊኔዎ ከመስኮቱ ሆና ድምፃቸውን አትሰማም። ልጅቷ ግን አላቀረቀረችም። እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣችና ወደ ታች፣ መኪናው ወደሚሄድበት ወደ ቆላው መንገድ አሳየችው።